ከጭልሞ በትከሻ የመጣ ቤት

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዋ ጂቱ ጉተማ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ርዕስ ያስገባችው ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። አማካሪዋ መምህር ኤልያቄም ወረቀቱን አነበበ፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እንደገና አነበበ።

«ጂቱ፣ የክፍል ጓደኞችሽ ምን እንደሚሠሩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ መምህር። አራቱ የፋርማሲ ሲስተም፣ ሦስቱ የሆቴል ሲስተም ይሠራሉ።»

«ታዲያ እነሱ ሞኞች ናቸው?»

«አይደሉም። ግን አምቦ ያለ ፋርማሲ ሁሉ በየዓመቱ አዲስ ሲስተም ይሠራለታል፤ አንዱም ተጠቅሞበት አያውቅም።»

ኤልያቄም ሳቁ አመለጠው። ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተማሪዎቹን በዕድሜ ብዙም አይበልጣቸውም። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እሺ፣ ‘የጠፉ የአምቦ ቤቶች’ ትያለሽ። ከየትኛው ልትጀምሪ ነው?» አላት።

«ከሰገነት ቤቱ።»

«እሱማ ፈርሷል!»

«ለዚህ እኮ ነው የምሠራው» አለች ጂቱ።

ሰገነት ቤቱን የማያውቅ የአምቦ ሰው አልነበረም። ከገበያው ከፍ ብሎ ይቆም የነበረ፣ ታችኛው ክፍሉ በድንጋይ፣ ፎቁ በጥድ እንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት የከበበው ቤት ነው። ከላይኛው ሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ቀኛዝማች ገብረአማኑኤል የሚባሉ ባለ ርስት በ1923 ዓ.ም. አሠሩት። አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰ። ቀበሌ ሆነ፤ የመሠረተ ትምህርት ማስተማሪያ ሆነ፤ እህል የተከመረበት ዘመንም ነበር። በመጨረሻ ፎቁ ላይ መጻሕፍት ተደርድረው የሕዝብ ማንበቢያ ተባለ። ጂቱ ያወቀችው በዚህ ዘመን ነው። የእነሱ ቤት ስድስት ሰው በሁለት ክፍል የሚተራመስበት ስለነበር የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚያ ሰገነት ላይ ነበር፤ እግሯን በፍርግርጉ መሀል አሾልካ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ።

በ2008 ዓ.ም.፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጣሪያው ተነሥቶ አገኘችው። ሰዎች ፎቁ ላይ ወጥተው ወለሉን በዲጂኖ ይፈነቅላሉ። መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቀው ግቢው ውስጥ ካፊያ ይመታቸዋል። «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ጂ ፕላስ ፎር ሊሠራበት ነው» አላት አንዱ፣ ቀና ብሎም ሳያያት።

ጂ ፕላስ ፎሩ ግን ሳይመጣ ቀረ። ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ከቆርቆሮው በስተጀርባ ጉሎና አስተናግር በቀለ፤ እንዲሁ ስድስት ዓመት ሆነው። ጂቱን ከመፍረሱ ይልቅ ያንገበገባት አንድም ሰው አለመጠየቁ ነው። የሚያፈርሱት አልጠየቁም፤ የሚያልፈውም ሰው «ምነው?» ብሎ አልቆመም። እሷ ራሷም ያን ዕለት ደብተሯን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጧ ቀርቷል።

ሥራው የተጀመረው በፎቶ ፍለጋ ነው። ቦታውን አሁን በሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት የቤቱ ፕላን እንዳለ ስትጠይቅ፣ ኃላፊው አቶ ዘሩባቤል ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣት። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«እህቴ፣ የዚያ ቤት ታሪክ የባላባት ታሪክ ነው» አላት። «የጭቆና ምልክት ነበር። ለዚህ ትውልድ ምን ያደርግለታል?»

«ያፈረሳችሁት ስለዚህ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ለልማት ነው ያፈረስነው።»

«ልማቱ የታለ?»

አቶ ዘሩባቤል ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። «ማን ነው የላከሽ?» አለ።

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ከመጣ ጨዋታው ማለቁ ይታወቃል። ጂቱ አመስግና ወጣች።

ያላሰበችውን ሀብት ያገኘችው ከቀኛዝማቹ ልጅ ቤት ነው። ወይዘሮ ወለተማርያም ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሰገነት ቤቱ ውስጥ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ሲወረስ በአንድ አልጋና በአንድ ሳጥን የወጡ ሴት ናቸው። አሁን የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት ገና በሩ ላይ።

«የጉተማ። የሾፌሩ።»

«ከባኮ በቆሎ የሚያመላልሰው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እና አንቺ የአባቴን ቤት ልትሠሪ?»

«በስልክ ላይ ነው፣ እማማ። ስልኩን ወደ ቦታው ሲያዞሩት ቤቱ እንደ ድሮው ቆሞ ይታያል።»

አሮጊቷ ተነሥተው ሳጥናቸውን ከፈቱና ዘጠኝ ፎቶግራፎች አወጡ። የታናሽ እኅታቸው ሠርግ ነው፤ 1962 ዓ.ም.። ሙሽሮቹ ሰገነቱ ሥር ቆመዋል፤ አጠገባቸው በአበባ ያጌጠች ቮልስዋገን አለች።

«አንድ ነገር አደራ» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም፣ ፎቶዎቹን ሳይለቁ። «የአባቴን ስም ጻፊ። ቀበሌ እያሉ ሲጠሩት፣ ማንበቢያ እያሉ ሲጠሩት፣ አንድ ቀን ስማቸውን ያነሣ የለም። ይሄ ስም እንዲታይ እፈልጋለሁ።»

«ይታያል፣ እማማ» አለች ጂቱ።

ያቺ ቮልስዋገን ባትኖር ሥራው አንድ እርምጃም ባልተራመደ። የቤቱን ቁመት የሚያውቅ ሰው የለም፤ አንዱ ስድስት ሜትር፣ ሌላው አሥር ሜትር ይላል። ቮልስዋገን ግን የትም አገር ብትሄድ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው። ጂቱ ከመኪናዋ ተነሥታ በሩን ለካች፤ ከበሩ ተነሥታ ሰገነቱን፣ ከሰገነቱ ጣሪያውን። ቤቱ በላፕቶፗ ላይ ምሰሶ በምሰሶ፣ ፍርግርግ በፍርግርግ ይቆም ጀመር። ከመሬት እስከ ጣሪያው ጫፍ ሰባት ሜትር ከአርባ። ያን ቁጥር ያገኘች ቀን ብቻዋን አጨበጨበች።

አባቷ ኦቦ ጉተማ ከባኮ ተመልሶ፣ ኢሱዙውን በር ላይ አቁሞ ሲገባ፣ ሥራዋን ልታሳየው ላፕቶፑን ፊቱ ዘረጋችለት። እያዞረች አሳየችው። አባቷ አጎንብሶ አየ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ወዳለው ጽሑፍ ሰደደ።

«ቀኛዝማች ገብረአማኑኤል ይላል እዚህ።»

«አዎ፣ አባ። ያሠሩት እሳቸው ናቸው።»

«ያሠሩት» አለ አባቷ። «የሠራውስ?»

ጂቱ ከስክሪኑ ቀና አለች።

«አያቴ ሮቤራ ቀኝ ትከሻው ላይ ቡጢ የሚያህል እብጠት ነበረው» አለ ኦቦ ጉተማ። «እንደ ድንጋይ የጠጠረ። ልጅ ሆኜ እየዳሰስኩ ‘ይሄ ምንድን ነው?’ ስለው፣ ‘ይሄማ የአምቦ ፎቅ ነው’ ይለኝ ነበር። ከጭልሞ ጫካ ግንዱን እስከዚህ በትከሻው ያመጣው እሱ ነው። ማንበቢያ ነው እያልሽ ስትሄጂ ያልነገርኩሽ መጽሐፉን እንዳትጠዪው ብዬ ነበር። አሁን ግን ያሠራውን ጽፈሽ ልታቆሚ ከሆነ፣ ያ ዘሩባቤል ያልሽው ሰውዬ እውነቱን ነው። ፈርሶ ይቅር።»

ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈባት። ላፕቶፑን ከደነች፤ ሳህን አነሣሣች፤ ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች። ስትመለስ አባቷ ጫማውን እየፈታ ነበር።

«አባ፣ ሌሎቹ እነማን ነበሩ?»

«የምን ሌሎች?»

«ግንዱን አያትህ ብቻውን አልተሸከመውም።»

ኦቦ ጉተማ የጫማውን ማሰሪያ ይዞ ቀረ። «ኢዶሳ ያውቃል» አለ። «ጭልሞ ያለው ኢዶሳ። አባቱ ዓብዲሳ አብሮ ነበር።»

እሑድ ዕለት ከቅዳሴ መልስ በኢሱዙው ሄዱ። ጊንጪን አልፈው ወደ ጫካው ሽቅብ ታጥፈው፣ መንገዱ ሲያበቃ በእግር ወጡ። ኦቦ ኢዶሳ ዕድሜ ልካቸውን በደን ጥበቃ የሠሩ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጂቱን ግንባሯን ሳሟትና፣ «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ?» አሏት፤ እንደ ልጃቸው ደኅንነቷን እየጠየቁ። የመጣችበትን ጉዳይ ስትነግራቸው በአፋን ኦሮሞ ጀምረው፣ መሀል ላይ ወደ አማርኛ ዘለው፣ ደግሞ ተመልሰው አወሯት።

«ዋናው ግንድ ጣሪያውን የሚሸከመው ነው» አሉ። «ሰባት ሰው ነው ያነሣው። አባቴ ስማቸውን እንደ ዳዊት ይደግም ነበር፤ ቦታ ቦታቸውን እየጠራ። ፊት በቀኝ ሮቤራ። ፊት በግራ አባቴ ዓብዲሳ። ቀጥሎ ኦሊቃና አመዩ። ቀጥሎ ዋቅጅራና ዳባ። ከኋላ ጉዩ ብቻውን፤ እሱ ጎበዝ ስለነበረ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ወንዝ ሲሻገሩ ጉዩን አሸዋው አንሸራተተውና ግንዱ እግሩ ላይ ወደቀ። ስድስቱ አንሥተው ጨረሱት። ጉዩ እስኪሞት ድረስ ሲያነክስ ኖረ።»

ጂቱ በስልኳ ትቀዳለች። «ኦቦ ኢዶሳ፣ ለምን እምቢ አላሉም?»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ጭሰኛ ‘እምቢ’ የሚል ቃል አልነበረውም፣ ልጄ። አንቺ ግን አለሽ። ካለሽ አታስቀምጪው።»

ከጭልሞ ተመልሳ ሳምንት ሙሉ ሠራች። በስልኩ ላይ ቤቱን ያየ ሰው ጣቱን በሩ ላይ ቢያሳርፍ የቀኛዝማች ገብረአማኑኤል ስም ይመጣል። ዋናውን ግንድ ቢነካ የኦቦ ኢዶሳ ድምፅ ይሰማል፤ ሰባቱ ስሞች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ፊደሉ እኩል ነው፤ ያንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም።

ከወይዘሮ ወለተማርያም ደብቃ ልታልፍ አልፈለገችም። ሄዳ አሳየቻቸው። አሮጊቷ በሩን አዩ፤ ፍርግርጉን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጣታቸው ግንዱን ሲነካ ድምፁ ወጣ።

«ይሄ ማን ነው?»

«ግንዱን የተሸከሙት ሰዎች ስም ነው፣ እማማ።»

«ከአባቴ ስም እኩል?»

«ከአባትዎ ስም ምንም አልቀነስኩም።»

«ፎቶ የሰጠሁሽ አባቴ ላይ ምስክር እንድትጠሪበት ነው? ቤቱን ወሰዱት፤ አፈረሱት፤ ደግሞ ባዶ ቦታው ላይ ልትከሺያቸው መጣሽ? አውጪው!»

«አላወጣውም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ፎቶዬን አምጪ።»

ጂቱ ዘጠኙን ፎቶዎች ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበች። «ፎቶው የርስዎ ነው። ስሙ ግን የርስዎም የኔም አይደለም፤ የሰዎቹ ነው» ብላ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ከዚያ ፎቶ የተወሰደውን ሁሉ፣ የበሩን ቀለም፣ የእንጨቱን ገጽ፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ ከሥራዋ ውስጥ አንድ በአንድ አጠፋች። «መልሼ ሳበቃ ልጠቀምበት አልችልም» አለች ለጓደኛዋ ለሮዛ። ሮዛ ሚኒባስ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምትጠግንና ዘፈን የምትጭን ልጅ ናት። «አብደሻል! ፕሮጀክትሽን ፈታኞች ፊት ልትከላከዪ እኮ ሃያ ቀን ነው የቀረው» አለቻት፤ ግን በዚያው ቀን ሱቋ በር ላይ «ሰገነት ቤቱ የሚታይበት ፎቶ ያለው ያምጣ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ሰው አመጣ። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬት ሲቀበል የተነሣ አለ፤ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ልጇን አዝላ ሰገነቱ ሥር ዝናብ የተጠለለች እናት አለች። ጂቱ በአሥራ አንድ ቀን ቤቱን መልሳ አለበሰችው።

ስለ ፎቶ ማሰባሰቡ የሰማው አቶ ዘሩባቤል ለዩኒቨርሲቲው የጻፈው ደብዳቤ የደረሰው ልክ ያን ጊዜ ነው። መምህር ኤልያቄም አስጠራትና ወረቀቱን አነበበላት። «ማኅበራዊ ቁርሾ የሚቀሰቅስና ለልማት በተያዘ ቦታ ላይ ውዥንብር የሚፈጥር» ይላል።

«ስሞቹን አውጪያቸው» አላት። ዓይኗን ማየት አልፈለገም።

«የትኞቹን ስሞች?»

«ሁሉንም። ባዶ ቤት ይሁን። ማንንም አይነካም።»

«መምህር፣ አንዱ የባላባቱን ስም አውጪ ይለኛል። አንዲት እናት የገባሩን ስም አውጪ ይሉኛል። ሁለቱንም ከሰማሁ የሚተርፈኝ የቆርቆሮ አጥር ነው። እሱማ አሁንም አለ፤ ምን ፕሮጀክት ያስፈልገዋል?»

«ካላወጣሽ አልፈርምም፣ ጂቱ። ፈታኞች ፊት አትቀርቢም ማለት ነው። አራት ዓመትሽን አስቢው።»

«አስቤዋለሁ። እርስዎ ባይፈርሙም ሰው ያየዋል» አለች። በሩን ስትዘጋ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ያን ሰሞን በስልክ የሚሠራ ኢንተርኔት አልነበረም። ጂቱ ግን ገና ስትጀምር ይህን አስባበት ነበር፤ ሥራዋ ያለ ኔትወርክ ይሄዳል፤ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ሮዛ ሱቅ ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሁሉ ቤት ጭኖ ይሄድ ጀመር። የባጃጅ ሾፌሮች ተቀባበሉት፤ የኦቦ ጉተማ ጓደኞች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮቹ፣ ይዘውት ወደ ባኮ ወረዱ። ኦቦ ጉተማ ራሱ ስልኩን ለሰው ሁሉ እየዘረጋ፣ «ይህን ግንድ ንካው እስቲ» ይል ነበር።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ጂቱ ረፋዱ ላይ ከቆርቆሮ አጥሩ ፊት መጣች። ሰገነቱ በትክክል የሚታይበትን ቦታ ለክታ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በነጭ ቀለም ቀባችና ላዩ ላይ ቆመች። ስልኳን ወደ አጥሩ አዞረች። ሽንኩርት ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ሴት ቆም አለች። ሴትዮዋን አይቶ ሌላው ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ሰው ተራ ይዞ ድንጋዩ ላይ ይወጣ ጀመር።

«ያቻትና ደረጃዋ! እዚያች ላይ ነው ሀ ሁ የቆጠርኩት።»

«በሩ አረንጓዴ አልነበረም እንዴ?»

«እሱ ቀበሌው የቀባው ነው፤ በፊት እንዲህ ነበር።»

«ዝም በሉ እስቲ፣ ስሙን ልስማው… ሮቤራ አለ? የኛ ሮቤራ?»

አቶ ዘሩባቤል ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ሲመጣ፣ ድንጋዩ ዙሪያ ከመቶ ያላነሰ ሰው ተሰብስቧል። ሰላምታ ሰጠ፤ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው።

«እህቴ፣ ስብሰባ ተፈቅዶልሻል?»

«ስብሰባ አልጠራሁም። ገበያተኛ ነው።»

«ይህን ነገር አጥፊልኝ።»

«የቱን?»

«ስልክ ላይ ያለውን።»

ጂቱ ስልኳን ዘረጋችለት። እዚያው ፊቱ ፕሮግራሙን አጠፋችው። «ይኸው፣ ከኔ ላይ ጠፋ» አለች። «ከሮዛ ሱቅ የጫኑት ግን ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ባኮ የወረደ የጭነት መኪና አለ፤ ጊንጪ፣ ጉደር የደረሰ አለ። ሄደው ከየሰዉ ኪስ እያወጡ ያጥፉት። ያን ቀን መጻሕፍቱን በጆንያ ስትጭኑ እኔ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ዛሬ አልሄድም።»

ሽንኩርት ሻጯ ስልኳን ወደ ብብቷ ሰደደችና፣ «እኔን ይምጣና ይፈትሸኝ!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ቢጤ፣ ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብሎ ከአንድ ልጅ ትከሻ በላይ ስልኩን ያይ ነበር። አቶ ዘሩባቤል ያንን አየ። ሰዉንም አየ። ከዚያ፣ «በሕግ እንነጋገራለን» ብሎ ተመለሰ።

ሰልፉ ውስጥ መምህር ኤልያቄም እንደነበረ ጂቱ ያወቀችው ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ነው። ቲማቲም በፌስታል አንጠልጥሏል። ስልኩን ወደ አጥሩ አዙሮ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ወርዶ ሄደ። ሰኞ ጠዋት እሱ የፈረመበት ወረቀት በቤቷ በር ሥር ተሰክቶ አገኘችው።

የፕሮጀክት መከላከያው ቀላል አልነበረም። ከፈታኞቹ አንዱ «ይህ ፕሮጀክት የማንን ችግር ይፈታል?» ብሎ ጠየቃት።

«የመርሳትን» አለች።

«መርሳት የሶፍትዌር ችግር አይደለም።»

«ይሁን። በሶፍትዌር ግን ተሠራ» አለች፤ ፈታኙ በዚህ አልተደሰተም። ከሚገባት በታች፣ ቢ ማይነስ ሰጧት። የጽሕፈት ቤቱ ክስ ደግሞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ድረስ ሄዶ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለቀ። ይቅርታ ብትጽፍ ማስጠንቀቂያው እንደሚነሣላት ተነገራት። አልጻፈችም። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ፋይሏ ውስጥ ነው፤ እሷም ቅጂውን አስቀምጣዋለች።

ቆርቆሮው ግን አልተነሣም፤ ጂ ፕላስ ፎሩም አልመጣም። የተጨመረው ነጩ ድንጋይ ነው። ጥበቃዎቹ ሁለት ጊዜ ነቅለው ጣሉት፤ ሁለቴም ገበያተኛው መልሶ አስቀመጠው።

ከምረቃው በፊት በነበረው ሐሙስ ጂቱ ድንጋዩን ቀለም ልታድስ ብሩሽ ይዛ ሄደች። አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመና፣ ወይዘሮ ወለተማርያም ሾፌሩን ተደግፈው ወረዱ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ቤቱ ከስድስት ዓመት በፊት ከፈረሰ ጀምሮ በዚህ መንገድ አልፈው አያውቁም ነበር።

«እስቲ ስልክሽን» አሉ። ሰላምታ አልሰጧትም።

ጂቱ ሥራዋን ከሮዛ ሱቅ መልሳ የጫነችበትን ስልክ ሰጥታ፣ ድንጋዩ ላይ ደግፋ አወጣቻቸው። አሮጊቷ ቤቱን ከደረጃው እስከ ጣሪያው በቀስታ አዩት። ያኔ ያሳየቻቸው ቤት እንዳልሆነ ገባቸው፤ «የኔን ፎቶ አውጥተሻል» አሉ። «አዎ» አለች ጂቱ። ከዚያ ሆን ብለው ግንዱን ነኩ። የኦቦ ኢዶሳ ድምፅ ስሞቹን ጠራ። እስከ መጨረሻው፣ ስለ ጉዩ እግር እስከሚናገረው ድረስ፣ ሰሙት።

«ያ አንካሳ ሰውዬ በየዓመቱ ለፋሲካ ግቢያችን ይመጣ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ጠጅ ያስቀዱለት ነበር። ለምን እንደሚያነክስ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ትልቅ ሰው ሆኜም አልጠየቅኩም።»

ጂቱ ስልኩን ደግፋ ያዘችላቸው።

«በአባቴ አልፈርድም። አባቴ ናቸው» አሉ አሮጊቷ ቀና ብለው፤ የጥንት ኩራታቸው ድምፃቸው ላይ ተመልሶ ነበር። «ግን ሥራሽ ጎደሎ ነው። ግንድ ብቻውን ቤት አይሆንም። ግድግዳውን በየዓመቱ ጭቃ እያቦካች የመረገችው፣ እኔንም አዝላ ያሳደገችኝ ጉዴ ነበረች። እሷን የት አደረግሻት?»

«አላውቃትም ነበር፣ እማማ።»

«አሁን አወቅሻታ! ጻፊያት።»

ጂቱ ብሩሹን ሣሩ ላይ ጥላ ቦርሳዋን ከፈተች። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ አዲስ መስመር ከፍታ፣ «ጉዴ» ብላ ጻፈች።

ወይዘሮ ወለተማርያም አጎንብሰው ስክሪኑን አዩ።

«በቋንቋዋም ጻፊው» አሉ። «ጉዴ አማርኛ አታውቅም ነበር። እኔ ነበርኩ በኦሮምኛ የማናግራት።»